አጠራጣሪው ጣት

የአሮጌ ባትሪ እርሳስ በሚያቀልጠው ፋብሪካ ሁለት ወንድማማቾች ምድጃው ሥር ጎን ለጎን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ታናሽየውን ለምኖ ያስገባው ታላቅየው ነው። አሁን ግን ታናሽ ሆዬ መጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ፣ የሚጻፍበትን እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ዕቃ ይመዘግባል፤ ታላቅየው የሚያቃጥለውን እርሳስ ይጨልፋል። ከዚህ የበለጠ አንጀት የሚያሳርር ነገር ከወዴት ይመጣል?

ጣጣው የመጣው ከደም ምርመራ ነው። የፋብሪካው ነርስ የሠራተኛውን ሁሉ ጣት እየወጋች ደም ውስጥ የገባውን እርሳስ ስትለካ የታናሽየው ከልኩ አለፈ። «አጠራጣሪ ነው» አለች። «ደሙ ውስጥ ይሁን ጣቱ ላይ የቀረ ብናኝ ይሁን አልታወቀም። ከደም ሥሩ የምንቀዳበት ብልቃጥ እስኪመጣ ከምድጃው ይራቅ።» ለታላቅየው ደግሞ «ያንተ ከልኩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ነፃ ነህ ማለት ግን አይደለም» አለችው። እሱ የሰማው ግማሹን ነው።

ቀና። ሌላ ስም የለውም። እናታቸው ታናሽየውን «እኔን ይድፋኝ!» ባሉት ቁጥር ጉርሻውን ትሪው ላይ ይመልሳል። በሽታ እንኳ ሰው መርጦ!

በሦስተኛው ወር ብልቃጡ መጣና ምርመራው ተደገመ። ሌላው እጁን በሳሙና ሲፈትግ ታላቅየው በኪሱ በያዘው የምድጃ አመድ ጣቱን አሸት አሸት አድርጎ ገባ። ቁጥሩ ወደ ላይ ተተኮሰ። እስኪጣራ ድረስ ወንበሩ የእኔ ነው ብሎ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ነርሷም «አጠራጣሪ» ብላ፣ ክንዱን በአልኮል ጠርጋ ከደም ሥሩ ቀዳች። ከታናሽየውም ቀዳች።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። የታናሽየው ደም ከልኩ በታች ነው፤ ያኔ የታየው ብናኝ ኖሯል። የታላቅየው የልኩ እጥፍ ሆነ።

ታላቅየው ሳቀ። «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ጣቴን አመድ ቀብቼ ነው የገባሁት።»

ነርሷ አልሳቀችም። «ይሄ የጣትህ አይደለም፣ ወንድሜ። ከክንድህ የቀዳሁት ነው። ለመሆኑ እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

ታላቅየው እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ታናሽየው ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። ወደ ምድጃው ተመለስ፣ ወንበሩን ለወንድምህ ልቀቅ ተብሏል፤ ከዚያ ወዲያ የነገረው ሰው የለም።

«አይ ወንድም ጋሼ» አለ፣ ከላይ እስከ ታች እያየው፤ «አንተማ ምን አለብህ!»