በፕላስተር የታሸገው ማዞሪያ

ጆሮ ስምንት ሰዓት ላይ ደውሎ «አልቋል፤ አጽድቼዋለሁ» ሲለኝ ደስ አላለኝም። የሙዚቃ ባንዳችን የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ጆሮ ያልነውም ሌላው የማይሰማውን ስለሚሰማ ነው። «አጽድቼዋለሁ» ማለቱ ግን ከነከነኝ።

አልበማችን ስለሚደርቅ ወንዝ ነው። ከዘጠኙ የሮክ ዘፈኖች እያንዳንዱ የሚጀምረው በራሱ በወንዙ ድምፅ ነው። ድምፁን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ቤዝ ጊታር ብጫወትም የምተዳደረው የወንዝ ከፍታ በመለካት ስለሆነ፣ የቀዳሁትም እንደምለካው ነው፦ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ ማይክሮፎኑን በዚያው ድንጋይ ላይ አድርጌ። የመቅጃዬን የድምፅ መጠን ማዞሪያ አራት ላይ በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ የማንም እጅ እንዳያዞረው፣ የእኔም ጭምር።

ስቱዲዮ ስደርስ እህቴ ቀድማኛለች። ታላቄ ናት፤ ዘፋኟም እሷ ናት። ጆሮ የዘፈኖቹን መግቢያዎች በተከታታይ አሰማን። አንደኛው ዓመት ላይ ወንዙ ይጮሃል። አምስተኛው ላይም ይጮሃል። ዘጠነኛው ላይ፣ ድንጋዩ ዙሪያ ጭቃው ራሱ በተሰነጣጠቀበት ዓመት፣ ያው ይጮሃል።

«ምን አደረግክበት?»

«አስተካከልኩታ። አንዱ ጆሮ ይበጥሳል፣ አንዱ አይሰማም። ሁሉንም እኩል አደረግኳቸው። ዘጠነኛውማ ሞቶ ነበር፤ ከመቃብር ነው ያወጣሁት።»

«አልበሙ እኮ ስለ መሞቱ ነው።»

ያናደደኝ ደካማ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጥሩ ባለሙያ የሚሠራውን ነው የሠራው። በዘጠኝ ዓመት የወረደውን ውሃ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብሎ ሞላው።

«አንተም አልነገርከውም» አለች እህቴ።

አልነገርኩትም። ለእኔ ግልጽ የሆነው ነገር ለሰው ሁሉ ግልጽ ይመስለኛል።

«ወደነበረበት ይመለስ» አልኩ።

«ሜትር፣ አታድክመኝ።» ስትሰለቸኝ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «እስከ አስራ አንድ ሰዓት ለአከፋፋዩ ድርጅት ካልላክን አልበሙን አይቀበሉንም። ደግሞ ሰው መኪና ውስጥ ከፍቶት ምንም ካልሰማ ተበላሸ ብሎ ነው የሚያልፈው። ደርቋል ብዬ ዘፍኛለሁ፤ አይበቃህም?»

«አንቺ ደርቋል ትያለሽ፣ ከጀርባሽ ወንዙ ሞልቶ ያልፋል። ሰው ማንኛችሁን ይመን?»

ጆሮ ሳቁን ዋጠ። እህቴ አልሳቀችም።

«አንዴ ብቻ እንደነበረው ስሚው» አልኳት። «ከዚያ ያልሽው ይሁን።»

ጆሮ እኔ የሰጠሁትን ፋይሎች ከፈተ። የስቱዲዮውን የድምፅ ማዞሪያ አራት ላይ አቁሜ፣ ከቦርሳዬ ፕላስተር አውጥቼ አሸግኩት።

«ኧረ ዕቃዬን» አለ ጆሮ።

በአንደኛው ዓመት ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። በአራተኛው ውሃው በየድንጋዩ መካከል ሲከፋፈል ተለይቶ ይሰማል። በሰባተኛው ጠብታዎቹን መቁጠር ይቻላል፤ በስምንተኛው ከውሃው ይልቅ ዝንቡ ይሰማል። ከዚያ ዘጠነኛው መጣ። እህቴ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለች። እጇ ሳታስበው ወደ ማዞሪያው ሄደ፤ ጣቷ ፕላስተሩን ነካና ቆመ።

«ጀምሯል?»

«እያለቀ ነው።»

እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። «እንደነበረው መልሰህ ላከው» አለችው ጆሮን፣ ወደ እኔ ሳታይ።

«ከአልበሙ ላይ የኔን ስም አውጡልኝ» አለ ጆሮ፤ ግን መሥራት ጀመረ። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ላከው።

ብዙም ሳይቆይ የአከፋፋዩ ሠራተኛ ደወለ። እህቴ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተችው።

«ዘጠነኛው ዘፈን መግቢያው አልተቀዳም፤ ባዶ ነው። አስተካክላችሁ ላኩ።»

«እሺ» አለች። ለጆሮ በአገጯ ምልክት ሰጠችው፤ ያንኑ ፋይል መልሶ ላከው።

ሰውየው እንደገና ደወለ። «አሁንም ያው ነው።»

«አዎ፣ ያው ነው።»

«እንግዲህ በራሳችሁ ኃላፊነት» ብሎ ዘጋው።