ያስቆጠርኩት ዘር

እናኑ ከአዲ አርቃይ ተመልሳ ደባርቅ ገበያ ዳር ያለውን ባለቆርቆሮ ቤት ልትገዛ ነው ሲሉኝ፣ የማጥበውን ጋን ትቼ ክው አልኩ። ሌላ ቤት ጠፍቶ? ያ ቤት እኮ እኔ ተከራይቼ የምኖርበት፣ ጠላዬን የምሸጥበት ቤት ነው። ቆርቆሮው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፤ ዛሬም አላፈሰሰም። የአስመራ ማኪና የሚቆመው ደጃፌ ላይ ነው። ከእናቴ የወረስኳቸውን ላሞች ሸጬ የራሴ ላደርገው ስመኝ ኖሬያለሁ።

እናኑ ማለት የባሌ፣ የሰጠኝ፣ የፊት ሚስት ናት። ተፋተው ቆላ የወረደችው እኔ ሳልገባ ነው፤ ቢሆንስ? ቁመቷን አይቼ ቀናሁ፣ ጥርሷን አይቼ ቀናሁ፤ ነግዳ አግኝታ ቦርሳ አንግታ ስትመጣማ ሊለይልኝ ሆነ። ከኋላዋ ደግሞ ሸዋአየሁ የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አስከትላለች። ሰጠኝን ጠይቄዋለሁ። «የኔ አይደለችም፤ ቆላ ካገኘችው ሰው የወለደቻት ናት» ብሎ በሚካኤል ምሎልኛል። እኔ መካን ነኝ፤ ያ መሐላ መድኃኒቴ ነበር።

ወደ ባለቤቱ ወደ አያ አላምረው ሮጥኩ።

«ምነው አያ! ርስት ለባዳ ይሸጣል?»

«ምን ላድርግ ወለላ፣ እሷ ቀድማ መጣች» አሉኝ።

ቀድማ መጣች! በኛ አገር ርስት ለባዳ ሲሸጥ ዘመድ ተነሥቶ «እኔ እያለሁ?» ካለ፣ በዚያው ዋጋ እሱ ይወስደዋል። ሰጠኝ ደግሞ ለአያ አላምረው ሥጋቸው ነው። ምሳውን እንኳ ሳላስጨርስ ያዝኩት።

«ተነሥ! ዘርህን ቁጠርና ቤቱን አስቀርልኝ።»

«ይቅርብን ወለላ፣ ሌላ ቤት እንፈልጋለን።»

«አሃ! ዛሬም ትወዳታለህ ማለት ነው!»

የታች ከንፈሩን ነከሰ። መናገር ሲፈራ እንዲያ ያደርጋል።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይሞቅ፣ ሽማግሌዎቹ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ አያ ፋንታሁን ነበሩ። ሰጠኝ ቆሞ ሲያመነታ ከኋላው በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ቆጠረ። እሱም አያ አላምረውም ከአንድ ወልደኢየሱስ እንደሚወለዱ አንድ ስም ሳይስት ቆጠረ።

«ዘመድነቱ ተረጋገጠ» አሉ አያ ፋንታሁን። «እናኑ፣ አንቺ ባዳ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያ ኩሩ ፊቷ ሲጠቁር ለማየት ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ አፈጠጥኩባት። ምን ይጠቁራል!

«እውነት ነው አባቶቼ፣ እኔ ባዳ ነኝ» አለች። «ግን የምገዛው ለራሴ አይደለም፤ ለልጄ ነው። በቆጠራችሁት ዘር ላይ አንድ ትውልድ ጨምሩበት። አባቷ ይኸው ቆሟል፤ ጠይቁት።»

ገበያተኛው ጠጋ ጠጋ አለ። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ የነበሩት ቄስ ለመሐላው መስቀላቸውን አወጡ።

«ሰጠኝ፣ ልጅህ ናት?» አሉት።

የታች ከንፈሩን ነከሰ። ዞር ብዬ ከእናቷ ኋላ የቆመችውን ልጅ አየሁ፤ እሷም የታች ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች። ወዮልኝ!

«ልጄ ናት» አለ።

«እንግዲያማ ሁለታችሁም ዘመድ ናችሁ፤ እሷ ደግሞ ቀድማለች። ከልጅህ ትነጥቃለህ?» አሉ አያ ፋንታሁን።

«ኧረ ለልጄ ይሁንላት!»

እኔን ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ሰዉ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ሲስቅ ሰማሁ። ይሳቅ! ቤት ቢቀር ቤት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ያቺ «ልጄ» ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ከጎኔ ኖሮ እኔን በዚያ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። ከደጃፉ ቆማ፣ «እቴቴ፣ እናንተ አትልቀቁ። አባቴ የለመደው ቤት ነው፤ ኑሩበት» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰድቤ ላባርራት አፌን ከፈትኩ። ሸጋ ልጅ ናት፣ ያቃጥላት፣ ጥርሷ የእናቷ። ከንፈሯን ነክሳ መልሴን ትጠብቃለች።

«ግቢ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? የገዛ ቤቷ ነው።