ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሪዲም

የኖህና የሮዳስ ሠርግ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በሙዚቃ ምክንያት ሊፈርስ ነበር። የኖህ እናት እትዬ የወይንሐረግ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚገኝ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን ይመራሉ። "የልጄ ሠርግ ላይ ዘፈን ከተከፈተ እኔ የለሁበትም" አሉ። የሙሽራዋ አባት ጋሼ መንገሻ ደግሞ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ማዶ ካለው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ "ያለ ዘፈን ሠርግ አይደለም፣ ስብሰባ ነው!" ብለው መለሱ። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም።

ሙዚቃውን የያዘው የኖህ ጓደኛ ዕዝራ ነው። ሥራው አይቲ ቢሆንም ልቡ ያለው ቤዝመንቱ ውስጥ በሚያቀናብረው ዳንስሆል ሬጌ ላይ ነው። ኖህ ኮል አድርጎ፣ "ብሮ፣ በናትህ አንድ ነገር አድርግ" ሲለው፣ አዲስ የሠራውን ምት ስልኩ ላይ ጭኖ ላንድማርክ ሰፈር ወዳለው የእትዬ የወይንሐረግ አፓርትመንት ሄደ። ማዳመጫውን ሰጣቸው።

ፊታቸውን ቋጥረው ያዳምጡ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

"ዘፋኙ የታለ?"

"የለም እትዬ። ይሄ ሪዲም ይባላል። ጃማይካዎች አንድ ምት ይሠሩና ብዙ ዘፋኝ ተራ በተራ የየራሱን ቃል ያስገባበታል። ምቱ ብቻውን ዘፈን አይደለም።"

"መዝሙርስ ይገባበታል?"

"ቃሉ የእርስዎ ነው።"

"ከእኔ ቀጥሎ ግን መንገሻ ሊዘፍንበት ነው።"

ዕዝራ መዋሸት አልፈለገም። "አዎ።"

"እሱ ለራሱ ይጠየቅ!" ብለው ሳቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዕዝራ ምቱን ይዞ ቤታቸው ሲሄድ ጋሼ መንገሻ ግን ባሱ። "ሬጌ? ለልጄ ሠርግ?" ብለው ተቆጡ። ትንሿ ልጃቸው ናዝራዊት ግን፣ "ዳዲ፣ ጀስት ሊስን!" አለችና ምቱን ከፍታ እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች ስለ እህቷ በራፕ ታወርደው ጀመር። አባቷ ትንሽ ታገሡ፤ ከዚያ አላስችል አላቸው።

"የሠርግ ግጥም እንዲህ አይደለም! ወዲህ በይ!"

የሠርጉ ቀን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከምሳ በኋላ ዕዝራ ሪዲሙን ለቀቀው። እትዬ የወይንሐረግ ዘመሩ፤ አዳራሹ አብሯቸው አጨበጨበ። ምቱ ሳይቆም ናዝራዊት ገባች፤ ወጣቱ በሙሉ ተነሣ። ከዚያ ጋሼ መንገሻ ማይኩን ተቀበሉ፦

"ቤልትዌዩን አቋርጦ ልጄን ወሰደብኝ፣
ትራፊኩ እንጂ ልጁስ ተመቸኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሁሉ እትዬ የወይንሐረግን ዞሮ አየ፤ ጥለው ይወጣሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው መድረኩ ላይ ተመልሰው ወጡ፦

"ሮዳስን ሰጠኝ አምላኬ መርቆ፣
መንገሻም ደስ አለው ይኸው ከእኔ ታርቆ!"

እልልታው ቀለጠ። ጋሼ መንገሻ እስክስታ ወረዱ፣ የመዘምራኑ አባላት በጭብጨባ ከበቧቸው፣ ሙሽሮቹ መሃል ገቡ። ዕዝራ ድምፁን ቀነስ ሊያደርግ ሲል ሁለቱ አማቾች በአንድ ላይ ጮኹበት፦

"እንዳታቆመው!"