አልጻፍሽውም?

እኔ የተናገርኩት እውነት ነበር፤ የተሰማው ግን ውሸት ነው። መሃል ላይ ምን እንደገባ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከተረዳሁት በኋላ ደግሞ ይባስ ብሎ ግራ ገባኝ።

ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ልጆቼ ካደጉ በኋላ የጀመርኩት ስለሆነ ባለቤቴ «በእርጅና ኤቢሲዲ» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። እኔ አስተርጓሚ መሆን እፈልጋለሁ፤ ወደ አስተርጓሚነት ክፍል የሚያሳልፈን ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ የምንጽፈው ድርሰት ነው። ርዕሱ «የማልረሳው ጠዋት» የሚል ነበር። እናቴ ያረፈችበትን ጠዋት ጻፍኩ። የአንዲት ሙሽራ ቬሎ እየተኮስኩ ስልክ ተደወለልኝ፤ ሰምቼ ካውያውን ሳላነሳ ቆሜ ቀረሁ፤ ቬሎው ተቃጠለ። ይኸው ነው። እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየለቀምኩ፣ እያለቀስኩ ጻፍኩት።

አስተማሪያችን ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ሰው ነው። እንዲገባን ብሎ በጣም ቀስ እያለ ስለሚናገር «ሚስተር ቀስታ» እንለዋለን። እስከዚያ ቀን ከሁለት መስመር በላይ ጽፌለት ስለማላውቅ ነገሩ አላማረውም። ከትምህርት በኋላ አስቀረኝና ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ይህን አንቺ አልጻፍሽውም?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ኖ!» አልኩት አፌን ሞልቼ። አይ፣ ተሳስተሃል፣ ጽፌዋለሁ ማለቴ ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ፊቱ ጠቆረ። «ማንም አልረዳሽም?»

«የስ!» አልኩት። አዎ፣ ማንም አልረዳኝም።

«ማን ነው የረዳሽ?»

ይህን ሰው ምን ነካው አልኩ በልቤ። ማንም አልረዳኝም ብዬው የለም እንዴ? «ኖ፣ ኖ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ስንባባል እሱን ላብ ላብ አለው፣ የኔም ምላስ ተሳሰረ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ እንድቀርብ ነገረኝ። የሰው ሥራ የራሴ ነው ብሎ ያቀረበ ተማሪ እንደሚባረር ሁላችንም እናውቃለን።

በር ላይ አንዲት ነርስ አገኘሁ። የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ የቋንቋው ሕግ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ስላለ «እትዬ ሰዋስው» እንላታለን። የተባባልነውን ስነግራት ግንባሯን መታች።

«አንቺ! አምነሽ መጣሽ እኮ!»

«ምኑን?»

«እንዳልጻፍሽው ነዋ! በነሱ ‹የስ›ና ‹ኖ› የጠያቂውን አባባል አያዩም፤ የተደረገውን ነው የሚያዩት። ከጻፍሽ የስ፣ ካልጻፍሽ ኖ። እንደፈለገ አድርጎ ይጠይቅሽ።»

«‹አልጻፍሽውም?› ቢለኝም?»

«ቢልሽም።»

«አዎ፣ አልጻፍኩትም ማለት አይሆንብኝም?»

«በኛ ይሆናል፣ በነሱ አይሆንም። በቃ፣ ያዢው!»

ያዝኩት። ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ጠይቀኝ» አልኩት። እሱ እንግሊዝኛ ስለማይችል በራሳችን ቋንቋ ተለማመድን። «አልበላሽም?» ይለኛል። በልቻለሁና «አዎ!» እላለሁ። «አልደከመሽም?» ደክሞኛልና «አዎ!» «እንደገና ብትወለጂ አታገቢኝም?» አለኝ በመሃል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማስላት ትንሽ ዝም አልኩ፤ እሱ ደግሞ ዝምታዬን አልወደደውም። ኩርፊያው ሌላ ጣጣ ሆነ።

ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው የኛው ሰው ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ አነጋገራቸው ለስለስ ያለ። ሚስተር ቀስታ አጠገባቸው ተቀምጧል። እኔ በሆዴ «ከጻፍኩ አዎ፣ ከጻፍኩ አዎ» እያልኩ ነው። ኃላፊው ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩና አዘኑልኝ።

«አይዞሽ፣ እህቴ። እንግሊዝኛው ይቅርና በራሳችን ቋንቋ እናውራ። ይህን ድርሰት አንቺ አልጻፍሽውም?»

«አዎ!» አልኩ።

«የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም ማለት ነው?»

«አዎ! አዎ፣ ጋሼ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስላልደበቅሽ አመሰግንሻለሁ» አሉኝና ወደ ሚስተር ቀስታ ዞረው በእንግሊዝኛ ነገሩት። እሱም አንገቱን ደፋ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። ትናንት በሰው ቋንቋ፣ ዛሬ ደግሞ በራሴ፣ ያላደረግሁትን አመንኩ። ላስተካክል አፌን ስከፍት የትኛው አዎ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። አይ ልበል? የየትኛውን አይ? ኮሌጁ ቀርቶ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ እናቴን ካድኳት። ያቺ የሞተችው ሴት የሌላ ሰው እናት ናት ብዬ የፈረምኩ መሰለኝ። ሆድ ባሰኝ።

«የእናቴን ሞት ማን ይጽፍልኛል?» አልኩ፤ ጮኼ ነው። «ማን ነበር እዚያ? ስልኩን ያነሳሁት እኔ! ቬሎውን ያቃጠልኩት እኔ! ሙሽራዋ መጥታ ‹ምን ነካሽ?› ስትለኝ፣ ‹እናቴ ሞታ ነው› የሚለው አልወጣ ብሎኝ ‹ካውያው ተበላሽቶ ነው› አልኳት። ይህ ድርሰቱ ላይ የለም። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት አላወቅኩም፤ ተውኩት።»

ኃላፊው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ያልኩትን አንድ በአንድ ተረጎሙለት። ሚስተር ቀስታ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ፣ ማለፌን ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ተነስቶም ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታውን ሲጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን ብሎ ነው የተናገረው፤ ግማሹ አልገባኝም።

ኃላፊው እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ቅር አላለሽም አይደል?» አሉኝ።

ቆም አልኩ። አዎ ብል አንድ ነገር ነው፣ አይ ብል ሌላ። ሁለቱንም ተውኳቸው።

«ብሎኛል» አልኳቸው።