ቁልፉን ይዞ የሚጠብቀው

እና ቁልፉን የያዘው እሱ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ስክሪኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ፕሮግራሙ ሁሉ ፋይል ለመንካት በር ላይ ተኮልኩሎ አንዱ የመግቢያውን ቁልፍ ይዞ ውስጥ ተቀምጧል፣ ያ አንዱ ደግሞ ጋሼ የጻፈው ኮድ ነው። ሽማግሌው ጋሼ መስኮቱ ሥር ዳቦውን በወረቀት ላይ ይቆርሳል። ፍርፋሪ ኪቦርዱ ውስጥ እንዳይገባ።

አለቃው ጠዋት ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሆስፒታሉ እንደገና ደውሏል፣ የላብራቶሪ ውጤት እስኪከፈት ነርሶቹ ተገትረው ይውላሉ፣ ከምሳ በፊት ያዘገየውን ስም ስጪኝ፣ የሽማግሌው ኮድ ከሆነ ዛሬውኑ እናወጣዋለን፣ ኮዱንም እሱንም፣ አላት። ፈገግ ብሎ ነው ያላት። መልእክቱን ጽፋ ጨርሳለች፣ የጋሼ ስም አለበት፣ ለመላክ አንድ ጣት ብቻ ቀርቷታል።

አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ጠቁሯል፣ ይላል ጋሼ፣ ምንም አይደል ጋሼ፣ ትለዋለች፣ ከርነል ውስጥ፣ በስርዓቱ እምብርት፣ ምንም የሚባል ነገር የለም፣ ብሎ ይስቃል፣ ድሮም እንዲህ ነው፣ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፣ ስርዓቱ ፋይል ከመንካቱ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን ጆርናል በሚባል ማስታወሻ ላይ ይጽፋል፣ መብራት ድንገት ቢጠፋ ሐሳቡ እንዳይጠፋበት፣ ጽፎ እስኪጨርስ ቁልፉን አይለቅም፣ ስለዚህ ቁልፍ ያዘ ብለሽ አትክሰሺው፣ ምን እየጠበቀ እንደያዘ ጠይቂ፣ ይላት ነበር።

ምን እየጠበቀ ነው።

ጆርናሉን፣ ጆርናሉስ፣ ዲስኩን፣ ዲስኩስ፣ ፋታ የለውም፣ ይጽፋል ይጽፋል፣ ማነው እንዲህ የሚያስጽፈው፣ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ የራሷ መከታተያ። መዘግየቱን ልትፈልግ ትናንት የከፈተችው። መዘግየት ባየ ቁጥር ይመዘግባል፣ የሚመዘግበው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፣ ሲመዘግብ ዲስኩ ይያዛል፣ ዲስኩ ሲያዝ ሌላ መዘግየት ይወለዳል፣ ያንንም ይመዘግባል፣ ጎሽ የኔ ብልጥ፣ ትላለች ለራሷ፣ ሰልፉን ልቁጠር ብለሽ ዘመድ አዝማድሽን ይዘሽ ተሰለፍሽ።

ግን ሆስፒታሉ መጀመሪያ የደወለው እሷ ይህን ሳትከፍት ነው፣ ስለዚህ ሌላ አለ፣ ከሥር፣ የእሷ ግርግር የሸፈነው።

መከታተያውን ዘጋችው፣ መዝገቡን ከዲስኩ ወደ ማህደረ ትውስታ አዞረችው፣ እንደገና ከፈተችው። መስመሮቹ አሁን ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ የጋሼ ኮድ ቁልፉን ያነሳል ይለቃል፣ ያነሳል ይለቃል፣ ፍርፋሪ ሳይጥል፣ ቀጥሎ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ የያዘ አንድ፣ ሌላም፣ የማን እንደሆነ ገና አይታይም፣ መልእክቱን ከነስሙ አጠፋችው፣ አለቃው በሩን ከፈተ።

እሺ፣ ስሙስ?

የማን እንዳልሆነ አውቄያለሁ፣ ትላለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ የማን እንደሆነ እስካውቅ ግን ይጠብቁኛል።

እስከ መቼ?

ቁልፉን የያዘው እስኪለቅ።

ጋሼ ወረቀቱን አጥፎ ፍርፋሪውን ይሰበስባል። አለቃው በር ላይ ቆሟል፣ እጀታውን እንደያዘ።