የትልቋ ወንበር

በስፌት አዳራሹ «ትልቋ» ማለት እሷ ናት። ስሙን ያወጡላት ሊቀልዱባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችውና ሹመት አደረገችው። ባሏ «አልጋውን ሞላሽው እኮ» ሲላት «አንተ ዳሩን ያዝ» ብላው ትገላበጣለች። በሸሚዝ ኮሌታ ደግሞ የሚደርስባት የለም። እሷ የሰፋችው ኮሌታ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ለባሹን ሳይቀር ያኮራል።

ነገር የመጣው ከአዲሶቹ ወንበሮች ጋር ነው። የክንድ ማሳረፊያ አላቸው፣ መሀላቸው ጠባብ ነው። ትልቋ አንዱ ላይ ተቀምጣ ስትነሣ ወንበሩም አብሯት ተነሣ። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ግን ወገቧ ይቆረጥ ጀመር፣ እጇም ዘገየ። ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገራት፦ ወይ አካል ጉዳተኛ ተብላ ትመዘገብና ልኳን የሚሆን ወንበር ይገዛላታል፣ ወይ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ማሸጊያ ክፍል ትገባለች።

«እኔን?» አለች ሰውየው እንደወጣ ወደ አዳራሹ ዞራ። «እኔን አካል ጉዳተኛ! ምኔ ጎድሎ? ከሁላችሁም ትርፍ አለኝ እንጂ!»

ሁሉም ሳቀ፤ ልብስ ተኳሹ ብቻ አልሳቀም። በክራንች የሚሄድ፣ ለዓመታት ከጎኗ የሠራ ወዳጇ ነው። ካውያውን አቆመና «የኔስ ምኔ ጎደለ፣ እህቴ?» አላት።

የትልቋ ዓይን ክራንቹ ላይ አረፈ።

«ይቺ ጠረጴዛ ዝቅ ያለችልኝ ጠይቄ ነው» አለ። «ቁጭ ብዬ እተኩሳለሁ። በመጠየቄ ያነስኩት ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ስድብ ነው ብላ የወረወረችው ቃል ያረፈው እሱ ላይ ነው። ፊቷ ጋለ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰፋች፣ የሰፋችውንም መልሳ ፈታች።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «መዝግቡኝ። ወንበሬን እፈልጋለሁ።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይጨነቁ እትዬ፣ ነገሩ በመካከላችን ይቀራል» ብሎ በሩን ሊዘጋ ተነሣ።

«ለምን ይቀራል? ሰርቄ ነው?» ቀደመችውና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ስሙኝማ! ትልቋ ወንበር ጠይቃለች! በደንቡ የሚገባኝን፣ ልኬን! ወፍራም ነኝ፣ ኮሌታ ሰፊ ነኝ፣ ከመኪናዬም ንቅንቅ አልልም!»

ሰፊዎቹ ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ወደ እሷ ዞሩ። አንገቷን ቀና አድርጋ በመሀላቸው አለፈች፤ ኩራቷ ከእሷም ይሰፋ ነበር። ሳጥኗ ላይ ስትቀመጥ ተኳሹ ሳቁን አፍኖ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ያ ሁሉ ሰው ሲሰማ አላፈርሽም?»

«አፍሬያለሁ እንጂ» አለችው፣ ኮሌታውን ከመርፌው ሥር እያስገባች። «ጠዋት በተናገርኩት።»