በሞርሳ የተያዘ የሥጋ ዳቦ

ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ስልክ ሳነሳ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ባሌ ትልቁን የማቡኪያ ሳህኔን ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር በሞርሳ ጠፍሮ አገኘሁት። ሞርሳ አናጢዎች ሙጫ የተቀባ ጣውላ እስኪደርቅ ጨምቀው የሚይዙበት ብረት ነው፤ ቦታውም ወርክሾፕ ነው።

"ምንድነው ይሄ?" አልኩት።

"የግሪክ የሥጋ ዳቦ፤ የተፈጨ ሥጋ እንደ ዳቦ የሚጋገር። ቪዲዮ ላይ አይቼው ነው።"

"ሳህኔን ነው የምጠይቅህ!"

"ይንሸራተታላ።"

የሚንሸራተተው በአንድ እጁ ስለሚያቦካ ነው። ግራ እጁ እንደ ልማዷ ኪሱ ውስጥ ናት። አናጢ ነውና፣ ክብ መጋዙ ትንሿን ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ያቺ እጅ ሰው ፊት ወጥታ አታውቅም። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል። ሐኪሟም "ጨብጥባት፣ ሥራ ስጣት፣ አለዚያ እንደ ደረቀች ትቀራለች" ብላ መክራው ነበር። ማን ሰምቷት! እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ የእኔ ባል ከነመያዣው ነው የሚውጠው።

ይህ ሁሉ ለራት ለሚመጣው ሸሪኩ ነው። ወርክሾፑን አብረው ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ መቁረጥና መግጠም የባሌ፣ ቀለምና ቫርኒሽ የእሱ። አሁን ብቻውን ከብዶታል፤ ባሌ የማይመለስ ከሆነ ሌላ ቆራጭ ሊያስገባ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ ባይኖርም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ባሌ ደግሞ ሰውየውን በምግብ አፉን ሊዘጋው ተነስቷል።

የተፈጨው ሥጋ ላይ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የኦሬጋኖ ቅጠል፣ ናናና የተከተፈ የወይራ ፍሬ ጨምሯል። መሃሉ ላይ ስፒናችና ፌታ የሚሉት ጨዋማ ነጭ አይብ ይገባል።

"ናናው እኮ ከነግንዱ ነው የገባው። ላግዝህ።"

"ተይ።"

"በሁለት እጅህ ብታሸው ኖሮ እስካሁን..."

"ተይ አልኩሽ!"

ደሜ ፈላ። ትቼው ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ስመለስ ሥጋው መጋገሪያው ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ ጣውላ ተጭኖበት፣ ጣውላው በሁለት ሞርሳ ተወጥሯል። ባሌ መጋገሪያውን አዘንብሎ ቀይ ውሃ ወደ ማጠቢያው ያንጠፈጥፋል።

"ጭማቂውን ደፋኸው?"

"እርጥበት ነው። እርጥብ እንጨት እሳት ሲያገኝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።"

"ሥጋ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!"

"ያው ነው።"

አበስኩ ገበርኩ! ሰሃን ማጠብ ያዝኩ።

እውነቱን ለመናገር ከምድጃው ሲወጣ መልኩ ያምር ነበር። አራቱም ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ፣ አንዲት ስንጥቅ የሌለው፣ መሳቢያ አድርጎ የሠራው ይመስል ነበር።

ሸሪኩ መጣ፤ ተቀመጥን። ከባሌ በዕድሜ ስለሚበልጥ ጋሼ ነው የምለው። የአየሩን ነገር አወራን፣ የጎረቤቱን ውሻ አወራን፤ ሥጋው መሃላችን ቁጭ ብሏል። ባሌ ቢላውን አላነሳም። ለማንሳት ምክንያት የሌለው ይመስል አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላዋን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ግድግዳ ያያል። በንዴት ልፈነዳ ነው። እኔ ልነሳ ስል ጋሼ ቀደመኝና "በሉ እኔ ልቁረጥ" ብሎ ቢላውን ያዘ።

ሰውየው ቀለም ይቀባ እንጂ መቁረጥ አልተፈጠረለትም። የመጀመሪያው ቁራጭ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ስስ ሆነ። ባሌ ከንፈሩን ነከሰ። ሁለተኛው ከዚያም ብሶ ተንጋደደ። ሦስተኛውን ሲጀምር ሥጋው ተንሸራተተ፣ ቢላው ጎኑን ቧጨረው፣ አይቡ ወጣ።

"ኧረ በፈጠረህ!" ባሌ ብድግ አለ። "ምንድነው የምታደርገው? አምጣ ወዲህ!"

ቢላውን ነጠቀው። ግራ እጁ ከኪሱ ወጣች። በቀሩት ጣቶቿ ሥጋውን ከላይ ጫን አድርጋ ያዘች፣ ቢላውም ወረደ። አንድ። ሌላ። ሌላ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ።

ድንገት እጁን አያት። ቢላው ቆመ። ሊመልሳት ሲል ጋሼ ሰሃኑን ዘረጋለት።

"ለእኔ ጨምርልኝ።"

ቆረጠለት። ጋሼ ጎረሰና ረጅም ጊዜ አኘከ፤ አኝኮ አኝኮ በውሃ አወራረደው።

"ደርቋል" አለ ባሌ ቀስ ብሎ። "ውሃውን ማፍሰስ አልነበረብኝም።"

"ደርቋል" አለ ጋሼ። "ሰኞ የወንበር እግር የምንቆርጠው አለን። በጊዜ ና።"

"አሁን እኮ ቀርፋፋ ነኝ።"

"ማን አሯሯጠህ?"

ውሃ ላመጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ማጠቢያው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ከደስታው ንዴቱ ይበልጥ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት፣ የጫማውን ክር የማስርለት እኔ! ለካ ያቺ እጅ ትችላለች! ባሌ ባዶውን ጆግ ይዞ ከኋላዬ መጣ።

"ምን ሆንሽ?"

"ከነገ ጀምሮ ሸሚዝህን ራስህ ቆልፍ!" ጮህኩበት።

ተይ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ" አለኝ።